ለአሮጌዋ ዲቲ የትኛው ጎማ ይሻላል? የጎሚስታ ደጃፍ ጭውውት

ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ነገሩን ያስነሳችው ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ብስክሌት ናት። ባለቤቷ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የመድኃኒት ሳጥኑን ከኋላ አስሮ ከከተማው ኮብልስቶን ይነሳና አስፋልቱን ጨርሶ በጠጠሩ መንገድ ወደ ጅሩ መረሬ፣ ሲረጥብ ወደሚጣበቀው ጥቁር አፈር፣ ይዘልቃል። የኋላ ጎማዋ መሐሉ ተልጧል። የፊቱ ጥርስ አለው፣ ግን አርጅቷል። ጎሚስታው፣ አንድ ወጣት መካኒክና አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ባለሞተሩን ከበው ረፋዱን ሙሉ ተከራከሩ።

መካኒኩ ቀደመ። «ዶክተር፣ የኋላውን ብቻ ቀይር። የፊቱ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ይኼን ክረምት ያወጣሃል።»

«ጥርሱማ ሙሉ የሆነው ላስቲኩ ደርቆ መበላት ስላቆመ ነው፣ ልጄ» አለ ጎሚስታው። ተነስቶ የጎማውን ጎን በሁለት አውራ ጣቱ ሲጫነው በጥርሶቹ ሥር ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ተከፈቱ። ጥፍሩን ወጋበት፤ ምልክት እንኳ አልያዘም። «አየህ? ይኼ ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ ፍሬን ስትይዝ እንደ ሳሙና ነው የሚሄደው።»

ባለሞተሩ ይህን ጠርጥሮ ኖሮ ለፊት የሚሆን ጎማ አስቀድሞ ከአዲስ አበባ አስመጥቷል። «አዲስ ነው፣ ጋሼ። ጎኑ ላይ 1416 ይላል። የ2016 ሥሪት ነው ብለውኛል።»

«በማን አቆጣጠር?» አለ ጎሚስታው።

ዝም ተባባሉ። ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ፤ ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። 1416 ማለት የ2016 እ.ኤ.አ. 14ኛ ሳምንት፣ በእኛ የ2008 ዓ.ም. የመጋቢት መጨረሻ ነው። ሻጩ በእኛ አቆጣጠር ካነበበልህ ጎማው በአንዲት ቃል ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ይሆናል። ሲያዩት ደግሞ በእርግጥም አዲስ ነው፤ መሬት ነክቶ አያውቅም፣ ስስ የላስቲክ ፀጉሮቹ እንኳ አልረገፉም። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው በአንዱ ጎን ብቻ ስለሆነ «የለበትም» ሲባሉ ገልብጦ ማየት ነው።

ነጋዴው አልተዋጠለትም። «መጋዘን የተቀመጠ ጎማ ፀሐይ ካላገኘው ምን ይሆናል?»

ግማሽ እውነት አለው። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ጎማ ደጅ ከቆመው በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው። ሆኖም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከባትሪና ከዘይት ጋር ተደራርቦ የከረመ ጎማ በመጋዘን ተቀመጠ አይባልም። አምራቾቹ ራሳቸው ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስፈትሹ፣ አሥር ከሞላው ምንም ቢመስል አውጡ ነው የሚሉት። ባለሞተሩ አዲሱን ጎማ ወደ ከረጢቱ መለሰው።

ቀጥሎ ልክ ላይ ተያያዙ። ዲቲዋ የወጣችው በፊት 2.75-21፣ በኋላ 4.10-18 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ቁመት ነው፣ ሁለቱም በኢንች። ነጋዴው 4.10 የለውም፤ ያለው 120/80-18 ነው፤ እዚህ 120ው ስፋቱ በሚሊሜትር፣ 80ው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ነው። «ሰፊ ስለሆነ መሬት ይይዝልሃል» አለ፣ መካኒኩም ደገፈው። ጎሚስታው የኋላውን ቸርኬ በጨርቅ ጠርጎ የተመታበትን አሳያቸው፤ 1.85×18 ይላል። 1.85 በኢንች የቸርኬው የውስጥ ስፋት ነው፣ አርባ ሰባት ሚሊሜትር ገደማ። መቶ ሃያ ሚሊሜትር የሚሰፋ ጎማ 2.15 ወይም ከዚያ በላይ ቸርኬ ይፈልጋል። እዚህ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ቸርኬው ላይ የሚቀመጡት ሁለቱ ከንፈሮቹ ተጨምቀው ጀርባው እንደ እንቁላል ይሾላል፤ ስለዚህ አስፋልት ላይ የሚነካው መሐሉ ብቻ ይሆናል፣ የሚያልቀውም መሐሉ ነው። ስፋቱን ከፍለህበት የምታገኘው ጠባብ ጎማ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ካቴናው በኩል ያለው ክፍተት ይጠባል፣ 125 ሲሲ ሞተር ደግሞ ያን ሁሉ ላስቲክ ዳገት ላይ ማሽከርከር አለበት።

«እሺ፣ 4.00-18 አለኝ። ከ4.10 በትንሽ ያነሰ ነው፣ ይገባል» አለ ነጋዴው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቁጥር ያንሳል፣ በቁመት ግን ይበልጣል። 3.00፣ 3.50፣ 4.00 የሚባሉት የድሮ ልኮች የጎናቸው ቁመት ከስፋታቸው ጋር እኩል ሊባል ይችላል። 3.60፣ 4.10፣ 4.60 የሚባሉት ግን ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ቁመታቸው የስፋታቸው ሰማንያ ሁለት በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 4.00-18 ከ4.10-18 ይልቅ ዙሪያው ሰፍቶ ከፓራፋንጎው ጋር ይጣላል። ለ4.10-18 እውነተኛ ዘመዶቹ 100/90-18 እና 3.50-18 ናቸው፤ በቁመት የሚለያዩት በጥቂት ሚሊሜትር ነው። ለፊቱ 2.75-21 ደግሞ 80/90-21 ይተካዋል።

መካኒኩ ሌላ መላ አመጣ፦ የቦክሰር ሞተር ጎማ በየሱቁ ስላለ ቸርኬውን በ17 ኢንች አስለውጦ መገላገል። ጎሚስታው እጁን አወናጨፈ። የፊቱን ከ21 ወደ 17 ማውረድ የሞተሩን አፍንጫ ከአምስት ሴንቲሜትር በላይ ይደፋዋል፤ መሪው ይቅበጠበጣል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይሰምጣል። ለዲቲ የተሰጣት ትልቁ የፊት እግር ድንጋይ እንድትወጣበት ነው። ይህን ማንም አልተከራከረበትም፣ መካኒኩ ራሱም ሳቀ።

ጥርሱ ላይ ግን ድምፅ ከፍ አለ። ጎሚስታው ለጅሩ መረሬ ከፊትም ከኋላም ጥርሱ የተራራቀ የጭቃ ጎማ ይሁን ባይ ነው፤ ጥርሱ የተቀራረበ ጎማ መረሬውን አምቆ ይይዝና ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ ድፍን ጎማ ይሆናል፣ የተራራቀው ግን ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋል። መካኒኩ በበኩሉ የመንገዱን ድርሻ ቆጠረ። «ጋሼ፣ እሱ ጭቃ የሚገባው ክረምትን ነው። በጋውን ሙሉ አስፋልትና ጠጠር ነው የሚነዳው። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ጥርሱ እየተጣመመ ነው የሚሄደው፤ ይንቀጠቀጣል፣ የጥርሱ ጫፍ በአንድ ወገን ይላጣል፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ድንጋዩን የሚነካው የላስቲክ መጠን ትንሽ ስለሆነ ይሸሻል።» ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ለዚህ ነው ክርክሩ ያላለቀው።

ስለ ጥንካሬም ጥቂት ተባለ። ነጋዴው ባለ 6 ፒ አር (የጎማው ንብርብር ጥንካሬ ደረጃ) ከባለ 4 ይሻላል አለ፣ ሳጥን ስለሚጫን። ጎሚስታው ከልኩ አጠገብ ያለውን ቁጥር እንዲያነብ ነገረው። የኋላው 59 ፒ ከሆነ 59ኙ 243 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ፒ ደግሞ እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት። የፊቱ 45 ከሆነ 165 ኪሎ። ለዚህች ሞተር፣ ለሰውየውና ለሳጥኑ ከበቂ በላይ ነው። ባለ 6ቱ ደረቅ ስለሆነ ቀላል ሞተር ላይ ድንጋይ ሲያገኝ ከመተጣጠፍ ይልቅ ይዘላል።

የመጨረሻው ጠብ ካላማዳሪው ላይ ነበር። መካኒኩ «አሮጌው ይበቃል፣ ሁለት ፓች ብቻ ነው ያለበት» አለ። ጎሚስታው አሮጌውን አውጥቶ ከአዲሱ ጎን ለጎን ዘረጋው፤ አሮጌው ተለጥጦ ዙሪያው በግልጽ ረዝሟል። የተለጠጠ ካላማዳሪ አዲስ ጎማ ውስጥ ሲገባ የሆነ ቦታ መታጠፉ አይቀርም፤ እጥፋቱ ሲፋተግ ይላጥና ከወር በኋላ ያለ ምስማር ይተነፍሳል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ጎሚስታ ነው፣ አለ ራሱ፣ ያለ ቂም አይደለም።

ቸርኬው ሲራቆት ሁሉም ዝም ብለው አዩ። የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው የላስቲክ ቀበቶ በስብሷል፤ ሁለት ሽቦዎች ከዳዷቸው አልፈው ሹል ጫፋቸው ወደ ካላማዳሪው ወጥቷል። ሁለቱም ፓቾች በእነዚህ ትይዩ ነበሩ። ጎሚስታው በሞረድ አስተካከላቸውና ከአሮጌው ካላማዳሪ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቀለበት ቆርጦ፣ ለቫልቮላው ቀዳዳ በስቶ ቀበቶ አደረገው። ፋብሪካው የሚሸጠው ቀበቶ ቢገኝ ይመረጣል፤ ይኼኛውም ሳይቋጠር በአንድ ወጥ ከተቆረጠ ይሠራል።

የገጠመበት መንገድ ሊታይ የሚገባው ነው። የሽክርክሪቱን ቀስት አየ። ቢጫ ነጥቡን ከቫልቮላው ጋር አገጣጠመ፤ ነጥቡ የጎማው ቀላሉ ጎን ስለሆነ የቫልቮላውን ክብደት ያካክሳል። ካላማዳሪውን ቅርፁን እስኪይዝ ብቻ ነፋው፤ ፍጹም ባዶ ከገባ በሌቫው፣ በጎማ መግጠሚያው ብረት፣ ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ከንፈሩን በሳሙና ውሃ አርጥቦ፣ በግሪስ ወይም በዘይት ሳይሆን (ሁለቱም ላስቲክ ይበላሉ)፣ ከቫልቮላው ተቃራኒ ጀመረና ቫልቮላው ጋ ጨረሰ። እዚያ ሲጨርስ በተቃራኒው ያለው ከንፈር ቸርኬው መሐል ወዳለው ጎድጓዳ ስለሚወድቅ መጨረሻው ሌቫውን በኃይል ሳይጫኑት ይገባል። ቫልቮላውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ከንፈሩ ሥር አለመያዙን አረጋገጠ። ከዚያ ነፋ፤ በጎማው ጎን ያለችው ቀጭን መስመር ከቸርኬው ጠርዝ ዙሪያውን እኩል እስክትርቅ ድረስ፣ የንፋሱ ግፊት 40 ፒ ኤስ አይ ሳያልፍ። በአንድ ወገን ስትሰምጥበት ንፋሱን ለቆ፣ ሳሙና ጨምሮ ደገመው። አልወጣ ብሎ ንፋስ የሚጨምር ጎሚስታ ካያችሁ ከአጠገቡ ራቁ።

መካኒኩ ሊረዳ ብሎ የቫልቮላውን ዳዶ ቸርኬው ላይ ሊያጠብቅ ሲል ጎሚስታው እጁን ያዘው። ዳዶው ወደ ላይ፣ ወደ ክዳኑ ይጠጋ። ጎማው ቸርኬው ላይ ከተንሸራተተ ቫልቮላው ዘመም ብሎ ያሳብቃል፤ ዳዶው ቸርኬው ላይ ከታሰረ ግን ማዘንበል አይችልምና ሥሩ ይበጠሳል።

እንግዲህ ፍርዱን ለእኔ ከተዋችሁልኝ፦ በልክና በዕድሜ ጎሚስታው አሸንፏል። ለዲቲ 4.10-18 ተፈልጎ ይገኛል፤ ካጣ 100/90-18፣ እሱም ከካቴናውና ከፓራፋንጎው በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ብቻ። በጥርሱ ግን ከሁለቱም አልስማማም። ሁለቱ እግሮች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው ያለው ማን ነው? ለፊት ጥርሱ ራቅ ያለውን አደርግለት ነበር፤ መረሬ ውስጥ አቅጣጫ የሚሰጠው እሱ ነው፣ አስፋልት ላይም ከኋላው ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ለኋላ ደግሞ ጥርሱ ካሬ ካሬ ሆኖ መካከለኛ ክፍተት ያለውን፤ የሚገፋውም ሳጥኑን የሚሸከመውም ስለሆነ የጭቃ ጎማ በጋውን ሳይጨርስ ይራቆትበታል። ኮብልስቶን ላይ የፊቱ እንዳይሸሽ ከፍሬኑ ቀለል ይበል፤ በዚህ መካኒኩ እውነቱን ነው።

ገንዘቡ ለሁለት ጥሩ ጎማ ካልበቃስ? አንድ ውድ ገዝቶ ሌላውን ከማሳደር ሁለት መካከለኛ፣ ቀናቸው ቅርብ የሆኑ ጎማዎች ይግዛ። በግድ አንድ ብቻ ከተባለ የፊቱ ይቅደም፤ ኋላ ሲንሸራተት ሰው ያርማል፣ ፊት ሲንሸራተት ግን መሬት ላይ ነው የሚነቃው። ያን ጊዜ የተላጠውን የኋላ ይዞ ጅሩ አይሂድ፣ ከጠጠሩ ይመለስ። ካላማዳሪና ቀበቶ በሁሉም ሁኔታ አዲስ ይሆናሉ።

የመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ናቸው፤ አዲስ ጎማ ላዩ ለስላሳና የሚያዳልጥ ስለሆነ ታጥፎ መዞርም ፍሬን መርገጥም በልክ ይሁን። ንፋሱ ሞተሩ ሳይነዳ ጠዋት ይለካ፣ ቫልቮላው ቀጥ ማለቱም አብሮ ይታይ፤ ሽቦዎቹም አንድ በአንድ በመፍቻ ጫፍ ተንኳኩተው ድምፃቸው የላላው ይጠበቅ፣ አዲስ ጎማ የላላ ቸርኬ ላይ ከተነዳ በአንድ ወገን ነውና የሚበላው።