ከማክሰኞ በፊት አትቃጠሉ

ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ አስተምሮ ከላካት ወዲህ እቤታችን እንደልብ መታመም ቀርቷል። በቀደም ነስር ሲያስቸግረኝ እንደ አባቶቼ አንጋጥጬ ጣሪያ ሳይ፣ አንገቴን ወደ ፊት አስደፍታ አፍንጫዬን 10 ደቂቃ ሙሉ ጨምቃ ያዘችኝ። መሀል ላይ ስልክ ተደወለና በዚያው አፍንጫ አነሳሁ። አለቃዬ እስከ ዛሬ "ጉንፋኑ ተሻለህ?" ይለኛል።

ዋናው ጉድ የመጣው ግን እሁድ ነው።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል። "ዛሬ እኔ ልቅዳ" ብዬ ረከቦቱ ጋ ቁጭ አልኩ (እንደ ሚስቴ አባባል አደጋው የጀመረው እዚህ ላይ ነው)። የጀበናው ውታፍ ተስፈንጥሮ ቡናው ግራ እጄ ላይ ተዘረገፈ።

ጮኬ ሳልጨርስ መድኃኒቱ ደረሰ። የምድር ቤቷ እትዬ "ኮልጌት!" አሉ። ባለ ሱቁ "እንቁላል ነው፣ ነጩን!" አለ። የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ "ቅቤ" ካሉ በኋላ የኪሎው ዋጋ ትዝ አላቸው መሰለኝ "ካለ ነው እንግዲህ" ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጡረተኛው ሻምበል ደግሞ ግንባር ላይ ቡና ስለነሰነሱበት ቁስል ማውጋት ጀመሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፤ ቅቤና እንቁላሉ ግን ቀድመውታል።

"ማንም እንዳይነካው!" አለች ልጄ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እኛ ሰፈር ሰው ተጎድቶ እጅን አጣጥፎ መቆም ሐዘን ቤት ሄዶ እንደ መሳቅ ነው። ባለፈው ታክሲ ተራ አንድ ወጣት የሚጥል በሽታ ሲጥለው አርባ ሰው ከቦ አየሩን ወስዶበት፣ ግማሹ ክብሪት ፍለጋ ይሮጥ ነበር። እኔም ጭሬያለሁ፤ አልክድም። ማታ ለልጄ ስነግራት "አፉ ውስጥ ምንም አይከተት፣ ጭንቅላቱ ሥር ልብስ፣ ከዚያ ሰዓት መያዝ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ" አለችኝ። ሰዓት መያዝ! አርባ ሰው ሰዓቱን ሲያይ ይታያችሁ።

ወደ እጄ ልመለስ። "መምህራችን ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ነው ያሉት" ብላ እየጎተተች ወሰደችኝ። ቧንቧው ሲከፈት አሳለው፣ አቃሰተ፣ ዝም አለ። የእኛ ፈረቃ ማክሰኞ ነው። መምህሯ መሀል ከተማ የሚኖሩ መሆን አለባቸው።

"ጀሪካን አምጡ!"

ሚስቴ ጀሪካኑንና እጄን እያፈራረቀች አየች። ለየትኛው እንዳዘነች አልጠይቃትም። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን በደቂቃ አንድ ሊትር ቢንቆረቆር ልክ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ትምህርት ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመን። እትዬ በጆግ እያንቆረቆሩ፣ ሚስቴ ከሥር ሳፋ ደቀነች። ለወለል ማጠቢያ መሆኑ ነው።

"አባዬ፣ ሳያብጥ ቀለበትህን አውልቅ።"

ይህን ሁሉ ጎረቤት ፊት! አሥራ አራት ዓመት ወልቆ የማያውቅ ቀለበት በሳሙና አንድ ጊዜ ሙልጭ ብሎ ሲወጣ ሚስቴ "እንዲህ ቀላል ነበር?" አለች። ቃጠሎው ያኔ ተረሳኝ።

ሻምበል በረንዳ ላይ 907 ደውለው "አስፋልቱ ሲያልቅ፣ ከብሎኬቱ ክምር በስተግራ፣ ጀሪካን የተሰለፈበት ብሎክ" እያሉ ቦታውን ሲያስረዱ ደረስንባቸው። ልጄ "ሻምበል፣ ለዚህ አምቡላንስ አይጠራም፤ የባሰበት ሰው ሊኖር ይችላል" ብላ ስልኩን አዘጋቻቸው። ሻምበል የሴት ልጅ ትእዛዝ ሲፈጽሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እጄ ውሃ ስለቋጠረ ልጄ በንጹሕ ፌስታል ሸፍና ወደ ጤና ጣቢያ ሸኘችኝ። ታክሲ ውስጥ ገና ሳልቀመጥ ረዳቱ ፌስታሉን አይቶ "ጋሼ፣ ምን ነካህ?" አለ።

"ቡና አቃጥሎኝ ነው።"

"ኮልጌት አልቀባህም?"

ከኋላ ወንበር አንዲት እናት "ኧረ እንቁላል ነው!" አሉ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። አንዱ ተሳፋሪ ቦርሳውን መክፈት ጀመረ፤ ምን ሊያወጣ እንደሆነ ቆይቼ ማየት አልፈለግሁም።

"ወራጅ አለ!" አልኩ። ጤና ጣቢያው ሁለት ፌርማታ ይቀረው ነበር።