ከአንጎል የተወሰደ ናሙና ሁሉ ፎርማሊን ውስጥ ብቻ መግባት የለበትም

አንጎልን የሚያጠቃ ፈንገስ ብርቅ በሽታ ነው፤ ብርቅ መሆኑ ግን ሳይጠረጠር ለመቅረቱ ሰበብ ሊሆን አይገባም። ምልክቶቹ አሳሳች መሆናቸው እውነት ነው። ለሳምንታት የዘለቀ ራስ ምታት፣ የሚጥል ሕመም፣ የአንድ ወገን የሰውነት መድከም በቲቢም፣ በዕጢም፣ በባክቴሪያ መግልም ይመጣሉ፤ የኤምአርአይ ምስልም ብቻውን አይለያቸውም። ዕጢ ነው ተብሎ ስቴሮይድ ሲጀመር የአንጎሉ እብጠት ስለሚቀንስ ሕመምተኛው የተሻለው ይመስላል፤ ፈንገሱ ግን የሰውነት መከላከያው በመዳከሙ የበለጠ ይስፋፋል።

እጅግ የሚያሳስበኝ ቀዶ ሐኪሙ ናሙናውን የሚያስቀምጥበት ዕቃ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆነው ቁራጭ በሙሉ ናሙና እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ኬሚካል፣ በፎርማሊን ውስጥ ከገባች ፈንገሱ ይሞታል፤ በማይክሮስኮፕ ክሮቹ ቢታዩም አሳድጎ ዝርያውን መለየት አይቻልም። ከፊሏ ከጀርም በጸዳ ሳላይን (የጨው ውሃ) ተቀምጣ፣ ፈንገስ መጠርጠሩ በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ግን ላቦራቶሪው ለሳምንታት ያቆያታል፤ ለባክቴሪያ ብቻ የተላከች በጥቂት ቀናት ውስጥ ትጣላለች።

ዝርያውን መለየት የሕክምናው መሠረት ነው። ሙኮር ለተባለው ፈንገስ ዋነኛው መድኃኒት አምፎቴሪሲን ቢ ሲሆን ቮሪኮናዞል የተባለው ሌላ የፈንገስ መድኃኒት አይሠራበትም፤ ስኬዶስፖሪየም የተባለው ፈንገስ ግን አብዛኛውን ጊዜ አምፎቴሪሲንን ስለሚቋቋም የሚመረጥለት ቮሪኮናዞል ነው። ክላዶፊያሎፎራ ባንቲያና የተባለው ጥቁር ፈንገስ ደግሞ የሰውነት መከላከያቸው ደህና የሆኑ ሰዎችን ጭምር ያጠቃልና፣ ኤችአይቪም ስኳርም የለበትም በሚል ፈንገስን ከግምት ማውጣት አደገኛ ነው። በዚህ ፈንገስ ለተያዘ ሰው፣ የሚቻል ከሆነ መግሉን ከነቋጠሮው በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ለወራት መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋል።

የአንድ ሐኪም ጥርጣሬ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያተርፍ እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። በቴነሲ የምትሠራ አንዲት ሐኪም ማጅራት ገትር በያዘው ሕመምተኛ የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ፈንገስ በመገኘቱና ሕመምተኛው ቀደም ሲል ጀርባው ላይ የስቴሮይድ መርፌ በመወጋቱ ለጤና ባለሥልጣናት አሳወቀች። የመርፌው መድኃኒት በፈንገስ ተበክሎ ነበር። ከ750 በላይ ሰዎች ታመው ከ60 በላይ ሞቱ፤ መርፌው በፍጥነት ባይሰበሰብ ኖሮ ቁጥሩ ከዚህም በከፋ ነበር።

ስለዚህ የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ሁሉ ሁለት ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ፦ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ የፈንገስ ምርመራ ራሱን የቻለ ቦታ ይኑረው፤ ከፎርማሊኑ ጎንም የሳላይን ዕቃ ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር ይዘጋጅ።