ሲዲ ፎር የማይቆጥረው ዝለት

የልጅነት ጓደኛዬ የላቦራቶሪ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በኪሱ ይዞ ይዞራል። 612 የሚለውን ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ አክብቦበታል። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸውን የሰውነት ተከላካይ ሴሎች የሚቆጥረው፣ ሲዲ ፎር የሚባለው ምርመራ ውጤት ነው። ኤች አይ ቪ በደሙ መገኘቱን በነገረኝ ማግስት ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየኝና «ሲዲ ፎሬ ገና ደህና ነው፤ ሰውነቴ ራሱ ይታገለው፣ ሲያቅተው መድኃኒቱን እጀምራለሁ» አለኝ። ይህን የምጽፈው አስፈቅጄው ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከሜዳ አልመጣም። በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት፣ በጠና ካልታመመ በቀር ሲዲ ፎሩ ከ200 በታች ያልወረደ ሰው «ገና ነህ» ይባል ነበር። ወሰኑ በኋላ 350፣ ቀጥሎም 500 ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ወሰኑን ጨርሶ አንስቶ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ እንዲጀምር መከረ። «ገና ነኝ» የሚለው ቃል ግን ከሰው ልብ አልወጣም።

የጓደኛዬ ሰውነት መታገሉ እውነት ነው። ቫይረስ ሲገባ ዘብ የቆሙ ሴሎች ቁራጩን ተሸክመው በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ወዳሉት ዕጢዎች ይሄዳሉ። እግር ሲቆስል ንፍፊት የሚወጣው በእነዚሁ ዕጢዎች ላይ ነው። እዚያ ቁራጩን የሚያውቀው ቲ ሴል፣ ማለትም ቫይረስን የሚዋጋው ተከላካይ ሴል፣ ይፈለጋል፤ ሲዲ ፎር የሚቆጥረውም አንዱን የቲ ሴል ዓይነት ነው። ማወቁ ብቻውን አይበቃም፤ ቁራጩን ያመጣው ሴል አደጋው የእውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምልክት ሊሰጠው ይገባል። ሁለቱ ሲሟሉ ያ አንድ ሴል በሳምንት ውስጥ በሺዎች ይራባል። እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያለው ቫይረስ በቀናት ውስጥ ይጸዳል፤ ከተራባው ሠራዊት አብዛኛው ይሞታል፣ የቀሩት ጠላታቸውን እያስታወሱ ያርፋሉ። ማረፋቸውን ልብ በሉልኝ።

ኤች አይ ቪ አያሳርፍም። ያው ጠላት ዛሬም ነገም ከወር በኋላም ሲመላለስበት ቲ ሴሉ ይዝላል። መጀመሪያ የመራባት ብርታቱ ይከዳዋል፤ ከዚያ ቫይረስን የሚዋጋባቸውን ኬሚካሎች አንድ በአንድ ማመንጨት ያቆማል፤ ፒዲ-1 የሚባል ልጓምም ላዩ ላይ ይበዛል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በደቡብ አፍሪካዋ ደርባን የሚኖሩ ሕሙማንን የመረመረ ጥናት፣ ኤች አይ ቪን በሚያውቁት ቲ ሴሎች ላይ ልጓሙ በበዛ መጠን በደም ውስጥ ያለው ቫይረስም በዝቶ አግኝቷል። ልጓሙ በከንቱ አልተፈጠረም። ልጓሙን የሚስበው ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ሥር በሰደደ ቫይረስ ሲያዙ የገዛ ቲ ሴሎቻቸው ባደረሱት ጉዳት ሞተዋል።

«አቅም ይጨምራል» እየተባለ የሚሸጠው ዱቄትና ሽሮፕ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። እነዚህ ሴሎች ቀስቃሽ አላጡም፤ የሚቀሰቅሳቸው በዝቶ ነው የዛሉት። ለዛለ በሬ ጅራፍ አይጨመርለትም፣ ቀንበሩ ይወርድለታል። ቀንበሩን የሚያወርደው ደግሞ የቫይረሱን መራባት የሚገታው መድኃኒት ነው።

ሲዲ ፎር የሴሎቹን ብዛት ይቆጥራል እንጂ ጉልበታቸውን አይመዝንም፤ የዛለውም ያልዛለውም እኩል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ስታርት የተባለው ጥናት በ35 አገሮች ሲዲ ፎራቸው ከ500 በላይ የሆነ 4,685 ሰዎችን አሳትፏል። ሁሉም እንደ ጓደኛዬ «ደህና» የነበሩ ናቸው። ወዲያው የጀመሩት በጠና የመታመም ወይም የመሞት አደጋቸው ከጠበቁት በ57 በመቶ አነሰ። ምክንያቱ ዝለት ብቻ ነው አልልም። ሆኖም የሄፐታይተስ ሲ ሕሙማን ላይ የታየው አብሮ ያሳስበኛል፦ ቫይረሱ በመድኃኒት ጨርሶ ከጠፋም በኋላ ለዓመታት የዛሉት ቲ ሴሎች ጠባሳቸውን ይዘው ቀርተዋል።

ይህን ሁሉ ስነግረው ጓደኛዬ ወረቀቱን መልሶ አጠፈና «ስድስት መቶውም ይዝላል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይዝላል» አልኩት። ሐሙስ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።