የጠፍሩ ወንበር ልቤን ወስዶታል፤ ቀርከሃው ግን…

ባህር ዳር ያለችው ዲዛይነር በዋንዛና በእንጅባራ ቀርከሃ ስለምትሠራቸው የቤት ዕቃዎች ያወጣችሁትን አነበብኩ። እጇ ይባረክ! በተለይ ያ ዝቅ ያለው ወንበር። መቀመጫው እንደ አያቶቻችን አልጋ በጠፍር የተጠላለፈ ነው። ጠፍር እርጥብ እያለ ይወጠራል፣ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። ከረገበ እንደገና መወጠር ነው እንጂ ወንበሩ አይጣልም። የስፖንጅ ሶፋ እንዲህ አይደለም፤ አንዴ ከሰመጠ ሰመጠ።

ቀርከሃው ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ለጋ ሳለ የተቆረጠ ቀርከሃ ለነቀዝ ይመቻል። ቢያንስ 3 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ጥላ ውስጥም ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። እኔ ከመንገድ ዳር የገዛሁት መደርደሪያ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይረግፍ ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ወንፊት ሆነ። (ሻጩ «አቧራ ነው፣ ጥረጊው» አለኝ፤ ወይ ጉድ!) ዲዛይነሯስ ቀርከሃውን ቦራክስ (ነቀዝ የሚከላከል ኬሚካል) ውስጥ ትነክረዋለች? ስለ ዋጋው ጽፋችሁ ይህን አልነገራችሁንም።

ዋጋው ያስደነግጣል፣ አልዋሽም። ግን ዋንዛ እንደ ድሮው በየማሳው ዳር አይገኝም፤ ውድ ቢሆን አይገርምም። ደብረ ማርቆስ ድረስ የምትልክ ከሆነ አንድ በርጩማ ይያዝልኝ።