ውሃ ጭነን ወደ ጮቄ

ማስታወቂያው «የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ወደ አልፓይን ሐይቆች፤ ጎጃም» ይላል። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ሐይቅ አለ። ከሐይቁ ጀርባ በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል። ጎጃም ውስጥ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ለብሶ የሚኖር ተራራ እንደሌለ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ግን ቢሮ የሰለቸው ሰው የተማረውን ቶሎ ይረሳል። 3 ሺህ 500 ብር ላክሁ። ነገሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ።

የበላችኝ «አልፓይን» የምትለው ቃል ናት። በኋላ ሳጣራ፣ ዛፍ መብቀል ካቆመበት በላይ ያለ ብርዳም ከፍታ ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ከጨረሱ በኋላ ከዚያ በላይ ያለውን «ውርጭ» ብለው ዘግተውታል። «ወደ ውርጭ የሦስት ቀን ጉዞ» ቢባል ማን ይመዘገባል? እንኳን ተከፍሎበት፣ ተከፍሎንም አንሄድም። አልፓይን ሲባል ግን ሃያ ሁለት ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተገኘ። በሰዓቱ! ሠርግ ላይ ሦስት ሰዓት አርፍደን የምንደርስ ሰዎች።

አባይ በረሃን እንደማንኛውም ሰው ፎቶ እየተነሳን አለፍን። ደብረ ማርቆስ ምሳ በላን። ዓርብ ስለነበር ጾም ነው፤ በያይነቱ። ከዚያ አስፋልቱን ለቀቅንና አቧራ ስንቅም ውለን ጮቄ ተራራ ግርጌ ደረስን።

አስጎብኛችን እዚያ ይጠብቀናል። ዕድሜው አርባ ቢያልፍ ነው። ቁምጣ ለብሷል። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ትከሻው ላይ ፎጣ፣ እጁ ላይ ዱላ። ሌላ ምንም አልያዘም። እኛ ደግሞ ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይዘናል። ከሁሉም በላይ ያቺ የተራራ ዱላ የምትባል አለች፤ እየተጣጠፈች ቦርሳ የምትገባ፣ ለየእጁ አንድ አንድ። አስጎብኛችን የእኔን ተቀብሎ መዘናት። ዘረጋት፣ አጠፋት፣ እንደገና ዘረጋት።

«ሁለት ናት?»

«አዎ ጋሼ፣ ሁለት ናት።»

«ኸማን ጋር ተጣልተህ ነው?» አለና መለሰልኝ።

ከዚያ ጭነት መጣ። አራት በቅሎ ተከራይተናል። ድንኳኑና ምግቡ ቀላል ነው፤ ራሳችን ተሸከምነው። በቅሎዎቹ የተፈለጉት ለሃይላንድ ነው። ባለ ሁለት ሊትር፣ ስድስት ስድስት የታሸገ፣ 24 እሽግ። አስሉት፤ 288 ሊትር ነው። ባለበቅሎው ገመዱን እያጠበቀ አንዱን እሽግ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ላይ። ወደ ጮቄ።»

ሰውየው ምንም አልተናገረም። ገመዱን ተወው። ዞር ብሎ ጓደኛውን ጠራና «ና እስቲ፣ እነዚህ የሚሉትን አንተም ስማ» አለው። እኔም ለጓደኛው ደገምኩለት። ሁለቱም ተራራውን ቀና ብለው አዩት። ጨሞጋ ከዚያ ይወርዳል። ሙጋ ከዚያ ይወርዳል። ሱሃ፣ ጀደብ፣ ጠምጫ፣ ሁሉም ከዚያ እየተነሱ አባይ ይገባሉ። መጽሐፉም ባለሙያውም «የውሃ ማማ» ነው የሚሉት። ወደ ማማው ውሃ የጫነ ሰው ስንሆን እኛ የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም። ባለበቅሎው ሲጨርስ ሂሳቡ ላይ ትንሽ ጨመረብን። ለውሃው ክብደት ነው ብሏል፤ እኔ ግን ለኀፍረቱ ይመስለኛል።

ዳገቱን ብዙ አላወራም። የወጣ ያውቀዋል፣ ያልወጣ አያምንም። አስጎብኛችን «ደረስን» ሲል አይዋሽም። ቦታውን በጣቱ ያሳያል፤ እውነትም ይታያል። በመሐል ያለውን ገደል ግን አይቆጥረውም። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች «አይዟችሁ ልጆች» እያሉ አለፉን። አንዷ ልጅ አዝላለች፣ በልጁ ላይ ደግሞ ግማሽ ኩንታል የሚያህል ነገር አዝላለች። ልጁ ዞሮ እስኪሰወር ድረስ አየኝ።

አንድ እረፍት ላይ ስምንት ዓመት የሚሆነው እረኛ መጣ። «ሃይላንድ ስጡኝ» አለ። ልቤ ተነካ። ጠምቶታል ብዬ ገና ያልተከፈተ፣ ሙሉ ሁለት ሊትር ሰጠሁት። ከእኔ ድርሻ ነው፤ ይታወቅልኝ። ልጁ አመሰገነ። ክዳኑን ከፈተ። ዘቅዝቆ ውሃውን ሣሩ ላይ ግልብጥ አደረገው። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠበቀና፣ አራግፎ፣ ባዶውን ይዞ ሮጠ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር በመኪና፣ ከዚያ ግማሽ ቀን በበቅሎ የመጣ ውሃ ነው። ልጁ የቸገረው ወተት የሚይዝበት ዕቃ እንጂ ውሃማ ከጀርባው እየፈሰሰ ነው። ኩልል እያለ። ድምፁ ይሰማል።

ማታ ድንኳን ተከልን። የሁላችንም ራስ ይወቅረናል። ቡድኑ ውስጥ ያለ ልጅ ሳይንሱን አስረዳን፤ 4 ሺህ ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን ያንሰዋል አለ። አስጎብኛችን አዳመጠውና «ነፋስ መቷችሁ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ብሉ» አለ። ሁለቱንም አመንን። ድንቹ ግን አልበስል አለ። ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ በሹካ ስንወጋው ድንጋይ ነው። ልጁ እንደገና ተነሳ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሙቀቱ አይበቃውም አለ። ይሄን እያስረዳን ሳለ ከጎረቤት ጎጆ አንዲት እናት መጡ። ድስታችንን አዩ። ክዳኑን በሊጥ ዙሪያውን ደፈኑት፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑበትና «ከተማ ድንጋይ የለም እንዴ፣ ልጄ?» ብለው ተመለሱ። በሰለ። የሳይንሱ ልጅ ሦስት ድንች በላ፣ ስለ ግፊትም ዳግመኛ አላነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ጭጋጉ መሐል ጅብራ የሚባለው ተክል ቆሟል። ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ የሚጸልይ መነኩሴ መስሎ። ከመካከላችን አንዷ «እንደምን አደሩ፣ አባ» ብላ ሰላም ብላዋለች። አትሳቁ፤ እኔም ልሳለም ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ከዚያ የተከፈለበት ሰዓት ደረሰ። አስጎብኛችን ቆመና በዱላው ጠቆመ። ጓሳ ሣር የከበበው ረግረግ ነው። መሐሉ ላይ ውሃ ቋጥሯል። ሁለት ላሞች ይጠጣሉ።

«ሐይቁስ፣ ጋሼ?»

«ይኸው።»

«ይሄ ሐይቅ ነው?»

ወዲያ ወዲህ አየ። «እኛ ረግረግ ነው የምንለው። ያ ያመጣችሁ ልጅ በስልክ ‹ሐይቅ በላቸው› ብሎኝ ነው። ሐይቅማ ያለው ወዲያ ጣና ነው፣ ጃል። ክረምት ብትመጡ ግን ሰፋ ይላል።»

ማንም አልተቆጣም። ይሄ ነው የሚገርመኝ። አንዱ ልጅ ጃኬቱን አንጥፎ በሆዱ ተኛ። ስልኩን ገልብጦ ካሜራውን ከውሃው ጋር እኩል አደረገው። ላሞቹ እንዲባረሩ አዘዘ። ፎቶውን ሲያሳየን ማመን አቃተን፤ ዳር የሌለው ሐይቅ፣ ሰማይ ተኝቶበት። ሃያ ሁለት ሰው በየተራ በሆዱ ተኛ። አስጎብኛችን የተባረሩትን ላሞች እየያዘ ጠበቀን። እኔም ተኝቻለሁ። ኔትወርክ ጫፉ ላይ ስለሚገኝ ወዲያው ለቢሮ ሰዎች ላክሁት። «ስዊዘርላንድ መቼ ሄድክ?» የሚል መልስ መጣ። አላስተባበልኩም።

ሦስተኛው ቀን ወርደን መኪና ገባን። አዘጋጁ ውስጡ ሳይቆረቁረው አልቀረም መሰል፣ «የማካካሻ ሐይቅ አለ» ብሎ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ አድርጎ ወደ እንጅባራ ወሰደን። ሁላችንም ተኝተናል። መኪናው ቆመና ተቀሰቀስን። ከአስፋልቱ ገባ ብለን ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አልተራመድንም፤ የተራራ ዱላዬን ዘርግቼ ሳልጨርስ ደረስን።

ዘንገና ነው። እሳተ ገሞራ የቦረቦረው ጉድጓድ፣ ዙሪያውን ደን፣ መሐሉ ክብ ውሃ። አረንጓዴም ሰማያዊም ነው፣ ዝም ያለ። ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው። ጣና 15 ሜትር ገደማ ነው፤ አሥር ጣና ቢደራረብ ዘንገናን አይሞላውም ማለት ነው። በሆዱ የተኛ ሰው አልነበረም። ቆመን ብናነሳውም ሐይቅ ነው።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ከነከነኝ። በዚህ መንገድ ባሕር ዳር ቢያንስ አሥር ጊዜ ተመላልሻለሁ። አሥሩንም ጊዜ እዚህ ጋ ስደርስ መጋረጃ ዘግቼ ተኝቻለሁ።

ሾፌራችን እጁን ኪሱ ከቶ ከኋላችን መጣ።

«ሦስት ቀን ስትፈልጉ የነበረው ይሄን ነው?»

«አዎ።»

«እኔኮ ባሕር ዳር ስሄድ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የምቆመው። መኪናዋ ትቀዘቅዝልኛለች።» ትንሽ ዝም አለ። «ለመሆኑ ያ ሃይላንድ ተርፏል? ራዲያተሩ ቀንሶብኛል።»

አንድ እሽግ ተርፎ ነበር። ሰጠነው።