ዋጋውን ጻፉልን፦ መኪና ገዢ ከሻጭ ገጽ የሚፈልገው

«ዋጋ በውስጥ መስመር።» አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ለመግዛት ኢንተርኔት የከፈተ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ድረ ገጹ ላይ አለ፣ ቴሌግራም ላይ አለ፣ ፌስቡክ ላይ አለ። ከፎቶው ሥር «ፉል ኦፕሽን»፣ «ምንም የማይፈልግ»፣ «ገዝቶ መንዳት ብቻ» ይላል። ቀጥሎ ሁለት ስልክ ቁጥር። ሚሊዮኖች የሚከፈልበት ዕቃ ስንት እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

ይህ መቆም አለበት ባይ ነኝ።

ሲደወል ምን እንደሚሆን ይታወቃል። መጀመሪያ የሚመጣው ዋጋው ሳይሆን ጥያቄ ነው። «ባጀትዎ ስንት ነው?» «በካሽ ነው ወይስ በባንክ?» «ለራስዎ ነው?» ሻጩ የገዢውን አቅም ከለካ በኋላ ነው ዋጋ የሚጠራው። ለዚህ ነው ለአንድ መኪና ጠዋት የደወለ ወንድምና ከሰዓት የደወለች እህቱ ሁለት የተለያየ ዋጋ ይዘው ማታ ቤት የሚገናኙት። ከዚያ በኋላ ያንን ሻጭ ማን ያምነዋል? ሻጩ ምናልባት በመሀል ዋጋ ቀይሮ ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ሠራተኛ ስልኩን አንስቶ ይሆናል። ገዢው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚቀርለት ስሜት «ሊበሉኝ ነው» የሚል ብቻ ነው።

ሻጮች አንድ ነገር ቢረዱልኝ ደስ ይለኛል። ገዢ ገጻችሁን የሚከፍተው ለመደወል ብሎ አይደለም። ብዙ መኪና አይቶ አብዛኛውን ለመጣል ነው የሚከፍተው። ከሥራ መልስ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከባለቤቱ ጋር ስልክ እየተቀባበለ፣ «ይሄ ከአቅማችን በላይ ነው፣ ይሄ ለልጆቹ ይጠባል፣ ይሄ ይሆናል» እያለ መለየት ይፈልጋል። ዋጋ የሌለው ማስታወቂያ ይህን ሥራ ያስቆምበታል። ለእያንዳንዱ መኪና መደወል፣ ራስን ማስተዋወቅ፣ ባጀት መናገር፣ ከዚያ ደግሞ በየሁለት ቀኑ «ወሰኑ ወይ?» የሚል ስልክ መቀበል አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ሲያስበው ይደክመዋል፣ ገጹን ዘግቶ ወደሚያውቀው ደላላ ይሄዳል። ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን ይወስዳል። ሻጩ ራሱ በከፈተው ገጽ ያገኘውን ገዢ ራሱ መልሶ ለደላላ አስረከበ ማለት ነው።

ዋጋ የማይጽፉት ግን ያለምክንያት አይደለም፤ ምክንያታቸውንም በቁም ነገር መስማት ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አስመጪ ዛሬ በሸጠበት ብር ነገ ያንኑ መኪና መልሶ ላያመጣ ይችላል። ሰኞ የጻፈው ዋጋ ሐሙስ ሊያከስረው ይችላል። ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው። መፍትሔው ግን ከዋጋው አጠገብ ቀን መጻፍ ነው። «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ብቻ ይሠራል» ማለት ይቻላል። ባንኮች የምንዛሬ ተመናቸው በየቀኑ የሚለዋወጥ ነው፤ ለዚያም በየቀኑ ይለጥፉታል።

ሁለተኛው ምክንያት «ተፎካካሪ እንዳያየን» የሚል ነው። ይህን ጨርሶ አልቀበለውም። ሻጮች እርስ በርስ ዋጋ ይጠያየቃሉ፣ አንዱ የሌለውን መኪና ከሌላው ወስዶ ይሸጣል፣ ደላሎቹ ደግሞ የሁሉንም ያውቃሉ። በገበያው ውስጥ ዋጋ የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ድርድር ነው፤ እሱም ቀላል ነው። ዋጋውን ጽፎ «ድርድር አለው» ማለት ይቻላል። ድርድር የሚጠላ ገዢ እዚህ አገር ብዙም የለም። የሚጠላው ከየት ተነስቶ እንደሚደራደር አለማወቁን ነው።

ሕግም አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በንግድ ቤቱ በሚታይ ቦታ በዝርዝር እንዲያሳይ ወይም ዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ያዛል። የስኳርና የዘይት ነጋዴ ዋጋ አልለጠፈም ተብሎ ሲጠየቅ የመኪና ሻጭ በምን ሂሳብ ይቀራል? ዛሬ የብዙ መኪና ሻጭ እውነተኛ ሱቅ ስልካችን ውስጥ ያለው ገጽ ነው። ገዢው ዕቃውን መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው።

ዋጋ ስል ደግሞ ሙሉውን ዋጋ ማለቴ ነው። ቁጥሩ ቀረጥ የተከፈለበት መኪና ዋጋ ነው ወይስ ከቀረጥ ነጻ የገባ? በዚህ ብቻ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል። ሰሌዳ አለው? ኮድ 2 (የግል) ነው ኮድ 3 (የንግድ)? የስም ዝውውሩን ወጪ ማን ይከፍላል? ኮሚሽን አለ? በባንክ ብድር ለሚገዛና በካሽ ለሚገዛ ዋጋው አንድ ነው? እነዚህን በአምስት መስመር መጻፍ ይቻላል። ሳይጻፉ ሲቀሩ ግን ገዢው ቀብድ ከከፈለ በኋላ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ «ተውኩት» ማለት ገንዘብ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ መኪናው ልምጣ፤ ችግሩ ከሁሉም የከፋው እዚህ ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ አዲስ የገባ መኪና የሚፈልግ ሰው ወደደም ጠላም ኤሌክትሪክ ነው የሚገዛው፤ አብዛኛውም በሕይወቱ የመጀመሪያውን። ቪትዝ ወይም ኮሮላ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚጠይቅ ከአባቱ፣ ከጎረቤቱ፣ ከሚያውቀው መካኒክ ተምሯል። የኤሌክትሪኩን ማንም አላስተማረውም። ገጹ ሊያስተምረው ሲገባ «አንዴ ቻርጅ ተደርጎ 400 ኪሎ ሜትር የሚሄድ» ብሎ ያልፈዋል።

በየትኛው መለኪያ? የቻይና ፋብሪካዎች የሚጽፉት ቁጥር ሲኤልቲሲ በሚባለው የራሳቸው መለኪያ የተገኘ ነው። ይህ መለኪያ ቀስ ወዳለ የከተማ አነዳድ ያደላል፤ ከአውሮፓውና ከአሜሪካው መለኪያ ይልቅም ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ቢዋይዲ ሲጋልን እንውሰድ። ቻይና ውስጥ በሁለት ዓይነት ባትሪ ይሸጣል። 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዘው 305 ኪሎ ሜትር፣ 38.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዘው 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል ወረቀቱ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ማስታወቂያው «ሲጋል» ብቻ ካለ ገዢው የትኛውን እያየ እንደሆነ በምን ያውቃል?

አሁን ሐዋሳ ቤተሰብ ያለውን ሰው አስቡት። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወረቀቱ ከሄድን 305 ያለውም መኪና ይደርሳል። ግን ፈጣን መንገድ ላይ በ100 ሲነዳ፣ አራት ሰው ከነሻንጣው ሲጫን ያ ቁጥር አይገኝም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ። ስንወርድ ባትሪው ይተርፋል፣ ስንመለስ ዳገቱ ይበላዋል። ገዢው የሚፈልገው ሻጩ ራሱ ነድቶ ያየውን ነው። «ይህን መኪና አዳማ ደርሰን ተመልሰን ይህን ያህል ፐርሰንት ቀረው» የሚል አንድ አጭር ቪዲዮ ከሃያ የሚያብረቀርቅ ፎቶ ይበልጣል። ነዳጅ አያስወጣ፣ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። ለምን ብዙ ሻጭ እንደማይሠራው አይገባኝም።

ሶኬቱም አለ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢቲ የሚባለውን የቻርጅ መሰኪያ ይዞ ይመጣል፣ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ሲሲኤስ 2 የሚባለውን። ሁለቱ አይገጥሙም። ፎልክስዋገን አይዲ 6 ለምሳሌ ስሙ የጀርመን ቢሆንም የሚመረተው ቻይና ውስጥ፣ ለቻይና ገበያ ነው። ጀርመን ነው ብሎ የገዛ ሰው መኪናው ቻይንኛ ሲያናግረው ይደነግጣል። ስክሪኑ ወደ እንግሊዝኛ ይቀየራል ወይስ አይቀየርም? ይህች አንዲት መስመር ናት፤ ጻፏት።

ስለ ዋራንቲም ግልጽ ንግግር ያስፈልጋል። «የ8 ዓመት የባትሪ ዋራንቲ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ቃሉን የሰጠው ማን ነው? ፋብሪካው ለቻይና ደንበኛው የሰጠው ዋራንቲ በሌላ መንገድ ኢትዮጵያ ለገባ መኪና ይሠራል ማለት አይደለም። ኃላፊነቱን የሚወስደው አስመጪው ከሆነ «እኔ ነኝ፣ ጋራዤ እዚህ ቦታ ነው፣ የምሸፍነው ይህን ይህን ነው» ይበል። ማንም የማይወስደው ከሆነም ይነገር። ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ነው በኋላ ከሻጭ ደጅ የማይጠፋው።

ሻንሲ ቁጥሩንም አሳዩ። በቻይና ሕግ መሠረት የተሠራ መኪና ሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ አለው፤ አሥረኛው የሞዴል ዓመቱን ወይም የተመረተበትን ዓመት ይናገራል። «ፒ» 2023፣ «አር» 2024፣ «ኤስ» 2025 ማለት ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። የገዢን ልብ በአንዴ የሚያሳርፍ መረጃ ነው። በተለይ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ተለክቶ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ አብሮ ቢጻፍ ደግሞ ገዢው ለማየት መምጣቱ አይቀርም።

ፎቶውስ? ከፋብሪካ ካታሎግ የተወሰደ ፎቶ ለገዢ ምንም አይነግረውም። የቆመውን መኪና ራሱን ማየት ይፈልጋል፤ ውስጡን፣ ጎማውን፣ ጌጁን፣ ያገለገለ ከሆነ የተቀባበትን ቦታ ጭምር። ጭረት ያሳየ ሻጭ ገዢ ያጣል ብለው የሚሰጉ አሉ። እኔ የማውቃቸው ገዢዎች ግን ጭረቱን ፎቶው ላይ ካዩት ተደራድረው ይገዛሉ፣ ግቢ ገብተው ራሳቸው ካገኙት ግን ሌላ ምን ተደብቋል ብለው ይሄዳሉ።

አንድ የሚያናድድ ነገር ልጨምር። የተሸጠ መኪና ገጹ ላይ ለሳምንታት ይቀመጣል። ይደወላል፤ «እሱ ተሸጧል፣ ግን ሌላ አለን፣ ይምጡ» ይባላል። አንዳንዱ ረስቶት ነው። አንዳንዱ ግን ሆን ብሎ፣ ርካሹን ማጥመጃ አድርጎ ነው የሚተወው። «ተሸጧል» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከነዋጋው ቢቀር ደግሞ ገበያው የት እንዳለ ለቀጣዩ ገዢ ያሳያል።

ውጭ አገር ሆነው ለቤተሰብ መኪና የሚገዙ ወገኖችንም አስቡ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ታላቅ ወንድም፣ ሪያድ የምትሠራ እህት፣ ግቢ መጥተው ጎማ መምታት አይችሉም። ያላቸው ዓይን ገጹ ብቻ ነው። አሜሪካ የሚኖሩት ደግሞ ሌላ ነገር ለምደዋል። እዚያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በወጣ ሕግ አዲስ መኪና መስኮቱ ላይ የፋብሪካው የመሸጫ ዋጋና የመሣሪያው ዝርዝር ሳይለጠፍ ለሽያጭ አይቀርብም። እዚያም ሁሉ ነገር አማን አይደለም፤ የሻጩ ገጽ አንድ ዋጋ ይልና ቢሮ ሲገባ «የሰነድ ክፍያ» እና ሌላም ሌላም ይጨመራል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በ2023 መጨረሻ ይህን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ነበር፣ በጥር 2025 ግን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡ የወጣበት ሥርዓት ትክክል አይደለም ብሎ ሻረው። ሜሪላንድ የሚኖረው ሐበሻም «ሁሉም ተጠቃልሎ ስንት ነው?» እያለ በጽሑፍ ይጠይቃል። ጥያቄው ከእኛው ጋር አንድ ነው።

ገጹ በአማርኛም ይሁን፣ በስልክ ዳታም ቶሎ ይከፈት። ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዋጋቸውን በግልጽ የሚጽፉ ሻጮች አሉ፤ ጥቂት ቢሆኑም እነሱን ፈልጎ መጀመሪያ ለእነሱ መደወል ተገቢ ነው። ለሌሎቹ ደግሞ ገዢዎች ከመደወል በፊት አንድ መልእክት እንላክ። «ሰላም፣ የዚህ መኪና ሙሉ ዋጋ ስንት ነው፣ ምን ምን ያካትታል፣ እስከ መቼ ይሠራል? እባክዎ በጽሑፍ ይመልሱልኝ።» በጽሑፍ የመለሰ ሻጭ ጋ ሄዶ መኪናውን ማየት ነው። «ይደውሉ» ብሎ ብቻ የመለሰውን ዘሎ ወደ ቀጣዩ።