ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ዳሽቦርድ ማን ይፈልጋል?

የአሜሪካ ድርጅቶች ቢዝነስ ኢንተለጀንስ የሚባለውን፣ የድርጅቱን መረጃ ሰብስቦ ዳሽቦርድ በሚሉት አንድ ገጽ ላይ በቁጥርና በግራፍ የሚያሳየውን ሥርዓት ያስገቡት ስለሠለጠኑ ነው የሚል ግምት አገር ቤት አለ። ብዙዎቹ ግን ተገፍተው ነው የገቡበት። እ.ኤ.አ. የ2002ቱ የሳርባንስ ኦክስሊ ሕግ በአክሲዮን ገበያ ያሉ ኩባንያዎች ዋና ሥራ አስፈጻሚና የፋይናንስ ኃላፊ ሪፖርቱን በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ አስገደደ። ፈራሚ ደግሞ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ እንቅልፍ አይወስደውም። አነስተኛውን ድርጅት አበዳሪው ባንክ ብዙ ጊዜ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይጠይቀዋል። መረጃው ራሱም እጅ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ኦሃዮ ውስጥ አንድ ፓኬት ማስቲካ በባርኮድ ከተሸጠ ወዲህ እያንዳንዱ ሽያጭ ራሱን እየመዘገበ ይሄዳል።

ደሴ ላይ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴን እንውሰድ። ዱቤው ደብተር ላይ፣ ሽያጩ ካሽ ሬጅስተር ውስጥ፣ ሒሳቡ በትርፍ ሰዓት የሚመጣው አካውንታንት ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ውስጥ፣ የዕቃው ልክ ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። አንድ ሱቅ እስካለው ድረስ ይህ ይበቃል፤ ከየትኛውም ዳሽቦርድም ይፈጥናል። ነገሩ የሚበላሸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ሁለተኛውን ሲከፍት ነው። ታች መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ እየደደረ ላይኛው ሱቅ አዲስ ያዛል። እዚህም እዚያም እውነተኛው ገፊ ምክንያት ይኸው ነው፦ ሥራው ከባለቤቱ ዓይን ሲያመልጥ።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ሌላ ገፊ ተጨምሯል። ለምሳሌ በ500 ብር የገባ ቆርቆሮ በ600 ቢሸጥ ደብተሩ 100 ብር ትርፍ ይላል። መተኪያው በ620 ከመጣ ግን ነጋዴው ከነትርፉ ያንኑ ቆርቆሮ መልሶ መግዛት አልቻለም፤ 20 ብር ጎድሎታል። ፒችትሪ ይህን ብቻውን አይነግረውም፤ የመተኪያ ዋጋ የሚባል ዓምድ ሰው መሙላት አለበት።

ደፍሮ የማይነገረው ግን ግብር ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥርት ያለ ቁጥር ብድር ያስገኛል። አገር ቤት ባንክ በአብዛኛው የሚያየው የቤት ካርታ እንጂ የሽያጭ ታሪክ አይደለም፤ ታዲያ ቁጥሩን ማጥራት ግብር ከመጨመር በቀር ምን ያተርፋል? ከዕቃው ከፊሉ ያለ ደረሰኝ በሚወጣበት ሱቅ ዳሽቦርዱ የሚያየው ደረሰኝ የተቆረጠለትን ብቻ ነው። ስቶኩ ከሽያጩ ጋር አይገጥምም፤ ሁሉም ሶፍትዌሩን ሲረግም ይከርማል። በእኔ ግምት ከዋጋውም ከባለሙያ እጥረቱም ይልቅ ሥርዓቱን የሚገድለው ይኸኛው ነው።

ይህን ተሻግሮ መጀመር ለሚፈልግ፣ የመጀመሪያው ሥራ አካላዊ ቆጠራ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ፣ ዕቃውን ከቢን ካርዱ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ካርድ ጋር አስተያይቶ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ኮድ ብቻ። «ሚስማር 8»፣ «ባለ 8 ሚስማር» እና «ምስማር 8» ለሰው አንድ፣ ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። ደንበኛም በስም አይያዝ፤ ሀይሉ፣ ኃይሉ፣ ሐይሉ እየተባለ አንዱ ባለዕዳ ሦስት ሰው ይሆናል። ስልክ ቁጥር ይሻላል።

ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣው ሥርዓት የሚስተው ደግሞ ጊዜውን ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ከተሳለች ግራፉ ገደል የገባ ይመስላል፣ ስለዚህ ከነሐሴ ጋር ትደመር። ባቲ ላይ የሚነግድ ሰው ቀንን ከቀን ሲያነጻጽር ሰኞን ከሰኞ ጋር ነው፤ ገበያው ሰኞ ነውና። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የዘንድሮን የካቲት ከአምናው የካቲት ጋር ማስተያየት ወሎ ላይ ያሳስታል። የቴምርና የዘይት ሽያጭ የሚነጻጸረው ረመዳን ከረመዳን ነው።

መሣሪያው መጨረሻ ይምጣ። ለሁለት ሱቅ ኤክሴል ይበቃል፤ ዳሽቦርድ የሚሠራው ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕም በነፃ ይወርዳል። በዶላር የሚከፈልበትንና ያለ ኢንተርኔት የማይሠራውን ግን፣ ኔትወርክ ለወራት ሲጠፋ ባየ አካባቢ፣ ሻጩ ምንም ቢያሳምር መግዛት አይገባም። ሽያጩ ማታ ማታ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይመዝገብ፤ መዝጋቢውም ገንዘብ ተቀባዩ ራሱ አይሁን።